ውሻ የተሸከመ ሰው

ከተማዋ ከተራራው ጀርባ ናት፤
አንድ በር ብቻ አላት፣ እሱም ዋሻ ይባላል፣
ብር ፈላጊዎች በድማሚት የፈለፈሉት፤
አንዱ መኪና እስኪወጣ ሌላው ይጠብቃል።

ከሞንቴሬይ እስከዚህ ሌሊቱን በአውቶቡስ መጣን፤
ሹፌሩ ውሻውን በሻንጣ ሂሳብ አስከፈለን።
መምጣት የፈለገችው እህቴ ኦቲሊያ ነበረች፣
«ሚያዝያ ይድረስ» ስትል፣ ሚያዝያ ሳይደርስ ቀረች።
ውሻው የሷ ነው። ትሪጎ፣ ማለትም ስንዴ፣
ፀጉሩ አጨዳ የደረሰ ማሳ ይመስላል ብላ፣ አንዴ።

ትሪጎ ከዋሻው አፍ ላይ ቆመ።
ጎተትኩት፤ አራቱን እግሮቹን መሬት ላይ ተከለ።
ለመንኩት፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።
ሥጋ ሰጠሁት፤ ሥጋውን በላ፣
ፍንክች ግን አላለም፣ መሐላው መሐላ።

ቲኬት ሻጯ ዶኛ ኤውፌሚያ ሹራብ እየሠራች፣
ቀና ሳትል፣ «ተሸከመው» አለች።
«ሠላሳ ኪሎ እኮ ነው!»
«ባሌን በዚህ ሲያወጡት ከዚያ ይከብድ ነበር።»
መርፌዋ አላቆመም። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ
ማዶ ላለው ዘበኛ፦
«ኤሊሂዮ፣ መኪና አትልቀቅ፤
ውሻ የተሸከመ ሰው እየመጣ ነው፣ ጠብቅ።»

ገባን።
ልቡ ከትከሻዬ ላይ፣ የኔው ልብ ከሥሩ፣
እንደ ሁለት ዶማ በየተራ ሲቆፍሩ።
ጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል፣ አምፖል ከአምፖል ይርቃል፤
መሃል ላይ ጨለማው ይሸታል፦
የዛገ ብረት፣ የበቅሎ ላብ፣ የጠፋ ሻማ ጭስ፤
ይመስለኛል ብዬ ነበር፣ ውሻው ግን ጀመረ ሊያለቅስ፣
በአፍንጫው፣ በቀጭኑ።
«ኦቲሊያ» አልኩት።
ዝም አለ።

ማዶ ፀሐይዋ እንደ ጥፊ ተቀበለችን፤
አቀበት፣ ድንጋይ ንጣፍ፣ ጣሪያ የሌለው ሳንቲም መምቻ ቤት፣
በመስኮቱ ቁልቋል አንገቱን ያወጣበት።
የከተማዋ ውሾች ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተጋድመዋል፤
አንዱ ተነሣ፣ አሸተተው፣ ፈቀደለት፣ ተመልሶ ተኛ።
አስጎብኚው፣ ባርኔጣው ከራሱ የሚሰፋ ልጅ፣
ዓመተ ምሕረት በዓመተ ምሕረት ላይ ሲደረድር፣
ትሪጎ በማዕዘኑ ግድግዳ ጥግ ሲመራመር፦
ዛሬ ጠዋት የተጻፈ አለ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፤
አነበበ፣ አሰላሰለ፣ እግሩን አንሥቶ
የራሱን አንድ መስመር ጨመረ።
ልጁ የጀመረውን ዘመን ረስቶ ሳቀ።

ከመቃብሩ በላይ በሽቦ የታጠረ ጉድጓድ አለ።
ዶን ክሬሴንሲዮ እዚያ ይቀመጣሉ፣
ሳንባቸው ወንፊት ነው፣
በቃልና በቃል መሃል አየር ይበደራሉ።
«ሠላሳ ዓመት... ወርጄበታለሁ» አሉኝ፣
«ጥልቀቱን... አልጠየቅኩትም።»
ድንጋይ አቀበሉኝ። ጣልኩት።
ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ።
አንድ። ሁለት። ሰባት። አሥር ድረስ ቆጠርኩ።
ምንም።
«አይሰማም» አሉ፣ «ለሰው አይሰማም።»
ያኔ ነው ትሪጎ አንገቱን ዘንበል ያደረገው፤
አንደኛው ጆሮው ቀጥ ብሎ ቆመ፣
ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።
ታች፣ እኔ በማልደርስበት፣ ድንጋዩ መሬት ነካ።
ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሲመሽ ዋሻው አፍ ላይ ትከሻዬን አመቻቸሁ፤
እሱ ግን ጥሎኝ ገባ፣ ገመዱን ይዤ ሮጥኩ።
ከኋላዬ ኤሊሂዮ በስልክ ሲጮህ ሰማሁ፦
«ኤውፌሚያ፣ መኪና አትልቀቂ፤
ሰው የሚመራ ውሻ እየመጣ ነው፣ ጠብቂ!»
መሃል ላይ መብራቱ ጠፋ።
ጥፍሮቹ ድንጋዩን ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉ
በዚያው ድምፅ ላይ እግሬን እየጣልኩ ሄድኩ።

ዶኛ ኤውፌሚያ አንድ እጅጌ ጨርሳለች፤
ውሻውን ሳይሆን እኔን አይታ፣
«ቀለለ?» አለች።